የቀልድ ዘመዱን ዝም ያሰኘው ገበሬ

አንድ ማሽላ አራሽ ነበረ። ቆይ፣ አታቋርጠኝ፤ ጥያቄህን ሰምቻለሁ። ከተሾምኩ ወዲህ የልጅነት ባልንጀራዬ በሰው ፊት እያሾፈ ያሳፍረኛል፣ እንዴት ዝም ላሰኘው ነው ያልከኝ። መልሱ እዚሁ ውስጥ ስላለ አርፈህ ስማ።

ሰውየው ዳውዳ ይባላል። አገሩ ከእኛ ሩቅ ነው፤ በምዕራብ አፍሪካ፣ ከበረሃው ወዲህ፣ ትልቅ ወንዝ በሚያልፍበት ሜዳ ላይ። ከተማይቱ ትንሽ ናት። ቤቱም ጎተራውም መስጊዱም ጭቃ ነው። በበጋ አቧራው ሰማዩን ይጋርደዋል። ዝናቡ ካለፈ በኋላ ደግሞ ወንዙ ሞልቶ ሜዳውን ይውጥና ከተማይቱ ውኃ መካከል ጉብ ብላ ትቀራለች። ያን ጊዜ በታንኳ ካልሆነ የሚወጣም የሚገባም የለም። ገበሬዎቹ ከጉብታው ላይ ይኖራሉ፣ ዓሣ አጥማጆቹ ደግሞ ከታች፣ ከወንዙ ዳር። በገበያ ቀን ማሽላው ይወርዳል፣ የደረቀው ዓሣ ይወጣል፣ ሁሉም የሚበላውን ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። ደኅና አገር ነው።

እነዚህ ሁለት ወገኖች አንድ ልማድ አላቸው። አያቶቻቸው በክፉ ቀን ተረዳድተው ኖሮ፣ ልጆቻችን አይቀያየሙ ብለው ተማምለዋል። ከዚያ ወዲህ ገበሬና አጥማጅ የቀልድ ዘመዳሞች ናቸው። አጥማጁ ገበሬውን እንዳሻው ይሰድበዋል፣ ገበሬውም አጸፋውን ይመልሳል፤ መቆጣት ነውር ነው። ታዲያ ነገሩ ቀልድ ብቻ እንዳይመስልህ። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ወንድም ከወንድሙ ሲኳረፍ፣ ገብቶ የሚያስታርቀው የቀልድ ዘመድ ነው። እሱ የለመነውን እምቢ ማለት አይቻልም። የሥጋ ዘመድ የማይደፍረውን ደጅ እሱ እየሳቀ ይገባል።

የዳውዳ የቀልድ ዘመድ ባካሪ የሚባል አጥማጅ ነበር። አብረው ነው ያደጉት። ባካሪ አፉ አያርፍም። ዳውዳን ባየ ቁጥር «አደንጓሬ በላ» ይለዋል። ገበሬ ሲያወራ ሆዱ ነው የሚያወራው፣ ከኋላው አትቁሙ እያለ ገበያውን ያስቃል። ዳውዳም የዋዛ አልነበረም፤ እናንተ ገና ከታንኳ ሳትወርዱ ሽታችሁ ገበያ ደርሶ ይጠብቃችኋል ይለው ነበር። እንዲህ እየተባባሉ ኖሩ፣ ሁለቱም ደስ ብሏቸው።

ኋላ ዳውዳ ጎተራው ሞላለትና የገበያ ሹም አደረጉት። ጥልፍ ያለበት ሰፊ ቀሚስ አሰፋ፤ አረማመዱም ዝግ አለ። አንድ የገበያ ቀን ከሩቅ ከተማ የመጡ የእህል ነጋዴዎች ከበውት ተቀምጦ ሳለ፣ ባካሪ የዓሣ ቅርጫቱን ተሸክሞ ብቅ አለና እንደ ልማዱ ጀመረ። እንግዶቹ ልማዱን አያውቁም፤ እርስ በርስ ተያዩ፤ አንዱ በእጁ አፉን ሸፍኖ ሳቀ። ዳውዳ መሬት ተሰንጥቆ ቢውጠው በወደደ።

«ከዛሬ ጀምሮ አክብረህ ጥራኝ» አለው።

ባካሪ ቅርጫቱን አወረደ። ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣና፣ «እሺ፣ እንዳሉ» ብሎ ሄደ።

አልዋሽህም፣ ዳውዳ ለጊዜው ደስ አለው። ከማግስቱ ጀምሮ የአጥማጆቹ ሰፈር ሁሉ «እርስዎ» ይለው ጀመር። ሲመጣ ከመቀመጫቸው ይነሣሉ፣ ወሬያቸውን ያቆማሉ፣ እንዴት ዋሉ ብለው መንገድ ይለቁለታል። ከዚያ ወዲያ አንዲት ቃል የለም። የፈለገውን ክብር አገኘ። ጠዋት ሲነሣ ለምን እንደሚከፋው ግን አይገባውም ነበር።

ክብር ደግሞ አንዴ ከለመዱት አይጠገብም መሰለኝ፣ እቤቱም ይዞት ገባ። አንድ ቀን ምሳ ቢዘገይበት ሚስቱን በእንግዶች ፊት አዋረዳት። እሷም ሕፃን ልጇን አዝላ በታንኳ ተሻገረችና አባቷ ቤት ገባች።

ዳውዳ ትመለሳለች ብሎ ተኮፍሶ ተቀመጠ። አልተመለሰችም። ቤቱ ጭር አለበት፤ ያ እንቅልፍ የሚነሳው የሕፃን ልቅሶ እንኳ ናፈቀው። በመጨረሻ አማቱ ላከበት፤ እስከ መከር እርቅ ካልሆነ ፍቺው ይፈጸም አለ። ያን ጊዜ ደነገጠ። ወንድሞቹን ሽማግሌ አድርጎ ሰደደ። አማቱ በደንብ ተቀበላቸው፣ ውኃ ሰጣቸው፣ ዙሪያቸውን አየና የቀልድ ዘመዳችሁ የታለ ብሎ ጠየቀ። አልመጣም አሉት። እሱ የሌለበት እርቅ ምን እርቅ ነው ብሎ በሰላም ሸኛቸው።

ዳውዳ ይህን ሲሰማ ቀኑን ሙሉ ከቤት አልወጣም። መሄድ አፍሮ፣ መቅረት ፈርቶ። በማግስቱ እንደ ምንም ብሎ ወደ ወንዙ ወረደ። አጥማጆቹ ተቀምጠው መረብ ይጠግኑ ነበር። ሲያዩት ተነሡ። ባካሪ በርጩማ አቀረበለት።

«ይቀመጡ። ምን እንታዘዝ?» አለው።

ዳውዳ የሚለውን ሁሉ አሰናድቶ ነበር የመጣው። ያቺን «እንታዘዝ» ሲሰማ ግን ነገሩ ገባው። አሁን ሹም ሆኖ ቢያዘው ባካሪ ይታዘዛል፤ ይሄዳል፣ ያሉትን ይናገራል፣ ይመለሳል። የታዘዘ ሰው መልእክተኛ ነው እንጂ ዘመድ አይደለም፤ ማንንም አያስታርቅም። ስለዚህ በርጩማውን ወደ ጎን ገፋና በዚያ ጥልፍ ቀሚሱ እርጥቡ ጭቃ ላይ፣ መረቡ መካከል ቁጭ አለ።

«መንገዱ ጠፍቶኝ ነበር፤ ሽታችሁ ነው መርቶ ያመጣኝ» አለ።

ማንም አልሳቀም። ባካሪ ትኩር ብሎ አየው።

«አንተ አደንጓሬ በላ» አለው፣ «እስከ ዛሬ የት ነበርክ?»

ዳውዳ «አንተ» የምትለዋን ሲሰማ ዕንባው መጣ። ሰፈሩ በሳቅ ፈነዳ። ያን ጊዜ ሚስቴን መልስልኝ ብሎ ለመነው፤ ባካሪም ዳውዳ ቃሉን ሳይጨርስ ታንኳውን ገፋ።

አማትየው ደጅ ሲደርሱ ባካሪ እየጮኸ ገባ። ይህ ሰው ቀሚስ ካሰፋ ወዲህ እንቁላል እንደያዛት ዶሮ ነው የሚራመደው፣ ልጃችሁ እስከ ዛሬ እንዴት ቻለችው አለ። ሲወጠር የማስተነፍሰው እኔ ነበርኩ፣ እኔን አባረረና ይኸው ለእናንተ ተረፈ አለ። እኔም ብሆን ጥፋተኛ ነኝ፣ በአንድ ቃል ተቀይሜ ተውኩት አለ። አማትየው ሳቁን መያዝ አቃተው። ከጓዳም የሴት ሳቅ ተሰማ፤ ዳውዳ ያንን ሳቅ ያውቀዋል። ተነሥቶ በሁሉም ፊት አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በይኝ አላት። በዚያው ቀን በአንድ ታንኳ ተመለሱ። ሕፃኑ በባካሪ መረብ ላይ ተኝቶ፣ ሁለቱ ሰዎች እስከ ዳር ድረስ ሲሰዳደቡ ነበር።

ልጄ፣ ዳውዳ አንተ ነህ። ባልንጀራህን ዝም ማሰኘት እንደሆነ ትችላለህ፤ ችግር የለውም፣ አንዴ ብትቆጣው ይበቃል። ይታዘዝሃል። እርስዎ የሚልህ ሰው ዛሬ በየደጁ ሞልቷል፤ እነሱ የሚያውቁት ወንበርህን ነው፣ ሌላ ሰው ቢቀመጥበትም እንዲሁ ይነሣሉ። ያ የሚያሾፍብህ ግን አንተን ነው የሚያውቀው። ሚስትህ ብታኮርፍ፣ ከወንድምህ ብትጣላ፣ ደጅህን ሳያንኳኳ ገብቶ ጥፋቱ ያንተ ነው የሚልህ እሱ ብቻ ነው። እሱን ካባረርክ ማን ይቀርሃል?

በል ተነሥ። ዛሬውኑ ምሳ ጥራው። ምን ብሎ እንደሰደበህም መጥተህ ንገረኝ፣ እኔም ልሳቅ።