የጋሽ ዘለቀ ሻሞላና ገመዱ

በአንድ ወቅት፣ ሰውም ቤቱም በደከመበት ጊዜ፣ ጋሽ ዘለቀ የሚባሉ የሻሞላ፣ ማለትም የሰይፍ ስፖርት፣ አስተማሪ ነበሩ። የሚያስተምሩበት አዳራሽ ጣሪያው ያፈሳል፤ የእሳቸውም ጉልበት ከጣሪያው አይሻልም። የቀሯቸው ተማሪዎች የአንድ እናት ልጆች ብቻ ነበሩ፤ ታላቁ ታፈረ፣ መካከለኛዋ አስናቀች፣ ታናሹ ምናሉ። ሌላው ሁሉ ሰልችቶት ወደ ኳስ ሄዷል፤ እኔም አልፈርድበትም።

ያሰለቻቸው ገመዱ ነው። በጋሽ ዘለቀ ቤት ገመድ ሳይዘሉ ሻሞላ መጨበጥ የለም። የረጅሙ ገመድ አንዱ ጫፍ ከመስኮቱ ብረት ይታሰራል፣ ሌላውን አንድ ተማሪ ይዞ ያዞራል፤ የቀረው ተማሪ ገመዱ ሳይነካው ይገባል፣ ይዘላል፣ ይወጣል። «ተጋጣሚም እንደዚሁ ነው፤ ጊዜውን ጠብቀህ ገብተህ ሳይነካህ ትወጣለህ» ይሉ ነበር።

ማዞሩ በተራ እንዲሆን ደንብ ነበር። ግን ታፈረ መዝለሉን ስለሚወድ ሁልጊዜ «ትንሽ ልጨምር» ይላል። ምናሉ ገመዱ ሲዘረጋ ይጠፋል፣ ሻሞላው ሲወጣ ብቅ ይላል። ጋሽ ዘለቀ ያዩታል፤ ለመቆጣት እንኳ ደክሟቸዋል። ስለዚህ ማዞሩ የአስናቀች ሆኖ ቀረ። የመዝለል ተራዋ የሚደርሰው ትከሻዋ ከዛለ በኋላ ነው።

አንድ ቀን አዳራሹ መጋዘን ሊሆን ነው ተባለ። የተዋሷቸው ሻሞላዎችም ለባለቤቶቻቸው ሊመለሱ ሆነ። የቀረው የጋሽ ዘለቀ የራሳቸው አንድ ሻሞላ ነው። በትልቁ ከተማ ያለው ክለብ ደግሞ የራሱን ሻሞላ ያልያዘ አይቀበልም። ሽማግሌው ሦስቱን ሰብስበው፣ በየዓመቱ በበዓል የሚደረገውን ግጥሚያ ላሸነፈልን ሻሞላዬን እሰጣለሁ፣ እኔም ወደ እህቴ አገር ሄጄ አርፋለሁ አሉ። የቀሩት ሁለቱ ሻሞላን በዚያው ሊሰናበቱት ነው ማለት ነው።

የግጥሚያው ልማድ እንዲህ ነበር፦ የጎረቤት ከተማ ጀግና መጥቶ ሦስት ሰው በተራ ይገጥማል። ቀድሞ የተነካ ይወጣል። እንግዳው ሦስቱንም ከነካ ድሉ የእንግዳው ነው፤ ከሦስቱ አንዱ እሱን ከነካው ድሉ የባለአገሩ ነው። የዚያ ዓመት እንግዳ ግርማቸው ይባላል፤ ነክቶት የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

መጀመሪያ ታፈረ ገባ። መንካቱን ተወውና ይሸሽ ጀመር፤ ወደፊት፣ ወደኋላ፣ እንደ ገመዱ። ግርማቸው ሲያባርረው ረፈደ። ላቡ ከጭንብሉ ሥር ወረደ፣ ትንፋሹ ከዳር ይሰማ ነበር። በመጨረሻ ታፈረ ባቱ ተሸማቀቀበትና ተነካ፤ ሲወጣ እያነከሰ ነበር።

ቀጥላ አስናቀች ገባች። እሷ ሻሞላውን ሳይሆን እግሩን ታይ ነበር፤ ዓመት ሙሉ የሰው እግር ስትጠብቅ የኖረች ናት። የደከመው ሰውዬ ሊወጋ ሲል ሁለት ጊዜ ነጠር ይላል። በደህናው ጊዜ የማይታይ ነገር ነው። አንዴ አየችው፣ አመለጠች። እርግጠኛ ለመሆን ግን ቆማ ጠበቀችው፣ ደረቷ ላይ ተነካች። ወጥታ በምናሉ ጆሮ፣ «ሁለቴ ሲነጥር ጠብቅ፤ ሁለተኛው ላይ አንተ ቅደመው» አለችው።

ምናሉ እግሩ ሰነፍ ነው፤ እጁ ግን የተለየ ነው። እንዲህ ያለ እጅ ከእናት ሆድ ይዘውት ይወጣሉ እንጂ አይማሩትም። ግርማቸው ነጠረ፣ ነጠረ፤ ሕዝቡ ሳያየው የምናሉ ሻሞላ ጫፍ ደረቱ ላይ አርፏል። ሌላ ሰው ቢሆን፣ ቢነገረውም አይደርስበትም ነበር።

ድሉ የባለአገሩ ሆነ። ጋሽ ዘለቀ ባዶው አዳራሽ ውስጥ ሻሞላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀመጡ።

«ሰውዬውን የነካው ማነው?» አለ ምናሉ።

«ባላደክመው ኖሮ መች ትነካው ነበር?» አለ ታፈረ፣ ባቱን እያሸ።

አስናቀች ገመዱን ከመስኮቱ ብረት ፈትታ በክንዷ ላይ ትጠቀልል ነበር። አንቺስ ምን ትያለሽ ቢሏት፣ ገመዱን ጠቅልላ ጨረሰችና መለሰች።

«ጋሼ፣ ድካሙ የታፈረ ነው፣ ምቱም የምናሉ ነው። ገመዱን ለሁለቱም ያዞርኩት ግን እኔ ነኝ፤ ሻሞላውን ለእኔ ቢሰጡኝ፣ ለእኔስ ማን ያዞርልኛል?»

ወንድሞቿ አቀረቀሩ። ሽማግሌው ሻሞላውን ከጉልበታቸው አነሱ፤ ለማን እንደሚዘረጉት ግን እጃቸው አላወቀም።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ አንበሳው ከታሰረ በኋላ ቆዳው የማን እንደሚሆን ግን ማንም አልነገረንም። እኔም እንደ ጋሽ ዘለቀ ደክሞኛል፣ መፍረዱን ለእናንተ ትቻለሁ። ሰውዬውን ያደከመው እግር፣ ያየው ዓይን፣ የነካው እጅ፤ ሻሞላው የሚገባው ለማን ነው?