ኢኖኩሌሽን በዓረፍተ ነገር

አቶ ዘርጋው የተባሉ የዞን ጤና ኃላፊ የክትባት ዘመቻ ሊከፍቱ አንዲት የገጠር ቀበሌ ወረዱ። እናቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው ፀሐይ ላይ ተሰልፈዋል፤ ነርሷም መርፌዋን አዘጋጅታ ትጠብቃለች። የቀረው የኃላፊው የመክፈቻ ንግግር ብቻ ነበር። ይህ ንግግር ግን ሁለት ሰዓት ሙሉ ፈጀ።

ንግግሩ ሁሉ ስለ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ነው፤ ኢኖኩሌሽን። በመጨረሻም ኃላፊው ጣታቸውን ቀስረው፣ «ኢኖኩሌሽን ማለት ሰውነት ትልቁን በሽታ እንዲችለው ትንሹን አስቀድሞ ማቅመስ ነው። ገባችሁ? እንግዲያው አንድ ሰው ቃሏን በዓረፍተ ነገር አስገብቶ ካልነገረኝ ክትባቱ አይጀመርም!» አሉ።

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ሕፃናቱ ማልቀስ ጀመሩ። ይሄኔ ልጇን ያዘለች አንዲት ሸክላ ሠሪ፣ «ጌታዬ፣ እኔ ልሞክር?» አለች።

«እስቲ በይ!»

«ባለፈው ሳምንት የወረዳው ኃላፊ መጥተው ሩብ ሰዓት ያህል የመክፈቻ ንግግር አድርገውልን ነበር። ለካ ኢኖኩሌሽን ኖሯል! ያችን ቀድመን ባንቀምስ ኖሮ፣ የዛሬው የእርስዎ ይጨርሰን ነበር።»