ያልቆሸሸው መጽሐፍ

ለመንደሩ የመስኖ ውሃ የሚያካፍል የውሃ አባት ሆኖ የተመረጠ አንድ ገበሬ ወደ ሽማግሌ ዘንድ ሄዶ ጠየቀ። «አባቴ፣ ለገበሬው ሁሉ እኩል ሰዓት ነው የማካፍለው። ለዘመድ አላደላሁም፤ እጅ መንሻም አልተቀበልሁም። ታዲያ ያቺ ማሳዋ ጉብታ ላይ ያለ ሴት በየሰንበቴው ‹በደለኝ› እያለች የምትከሰኝ ስለ ምንድን ነው?» አለው።

ሽማግሌውም እንዲህ ሲል መለሰለት፦

አንድ ሰው ነበረ፤ በአንዲት ትንሽ ከተማ የመንግሥት ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር። ይህ ሰው አድልዎ የሚባል ነገር አያውቅም። የሹም ልጅ ቢያረፍድ ከበር ይመልሳል፤ የገዛ እኅቱ ልጅ ቢወድቅ ክፍል ያስደግመዋል። በየመስከረሙ መጻሕፍት ሲመጡ ራሱ ቆሞ፣ ስም እየጠራ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ በእጁ ያድላል። ሁለት ያገኘ የለም፤ ባዶ እጁን የሄደም የለም። «እኔ በዚህ ግቢ እስካለሁ ድረስ ተበደልሁ የሚል ልጅ አይኖርም» ይል ነበር፤ ሲለውም ከልቡ ነው።

በዚያው ትምህርት ቤት የሺመቤት የምትባል መምህርት ነበረች። የተማረችው የልዩ ፍላጎት ትምህርት ነው፤ በጣት የሚነበበውን ብሬልም የምልክት ቋንቋም ታውቃለች። ነገር ግን የስፖርት መምህር ስለ ጠፋ ፊሽካ አንጠልጥላ ልጆች ስታሯሩጥ ትውላለች። «አንዲት ክፍል ይስጡኝና ድጋፍ የሚሹትን ልጆች ላስተምር» ብላ ሦስት ጊዜ አመለከተች። ሦስቱንም ጊዜ ርዕሰ መምህሩ፣ «ሰባ ልጅ በአንድ ክፍል ታጭቆ ለጥቂቶች ለብቻ ክፍል መስጠት አድልዎ ነው» ብሎ መለሳት።

ሰኔ ላይ መጻሕፍቱ ተሰበሰቡ። ወላጆችም ውጤት ለመቀበል መጥተው ግቢው ሞልቷል። የተመለሱት መጻሕፍት ሽፋናቸው የተገነጠለ፣ ዘይት የነካቸው፣ ጠርዛቸው የተጠቀለለ ነበሩ። አንዱ ግን ዛሬ ከማተሚያ ቤት የወጣ ይመስላል። ርዕሰ መምህሩ ደስ አለው። ከፍ አድርጎ ይዞ ሽፋኑ ላይ የተጻፈውን ስም አነበበ። «እዩ! መጽሐፍ እንዲህ ነው የሚያዘው! ጥሩዓለም፣ ሁለተኛ ክፍል! ትምጣና ይጨብጨብላት!»

ከሕዝቡ መካከል አንድ አባት የልጁን እጅ ይዞ ወጣ። ልጅቱ ዐሥር ዓመት ቢሆናት ነው፤ ዓይኖችዋ አያዩም። ርዕሰ መምህሩ አወቃት፤ መስከረም ላይ መጽሐፉን የሰጣት እሱ ራሱ ነበርና። አንዴ ጀምሮ መመለስ ስላቃተው፣ «እንዴት ብትይዢው ነው እንዲህ ያልቆሸሸው፣ ልጄ?» አላት።

«ጋሼ፣ መምህራችን ‹ገጽ ዐሥርን ግለጡ› ሲሉ እኔም እገልጣለሁ» አለች። «ግን ለእኔ ገጹ ሁሉ አንድ ነው። እንዳላቆሽሸው ብዬ መልሼ እዘጋዋለሁ።»

ከኋላ አንዳንድ ልጆች ሳቁ። አባቷ ጎንበስ ብሎ፣ «የሰጡንን በአደራ ጠብቀን መልሰናል፣ መምህር» አለ።

ይህ ቃል ርዕሰ መምህሩን ከስድብ ይልቅ ወጋው።

ወላጆቹ እንደ ተበተኑ የሺመቤትን አስጠራት። «ስንት ናቸው?» አላት።

«ሰባት። ሁለቱ አያዩም፣ ሦስቱ አይሰሙም፣ ሁለቱ ደግሞ ነገር የሚገባቸው ቀስ ተብሎ፣ ተደጋግሞ ሲነገራቸው ነው። በየቤቱ የተደበቁትን አላውቅም።»

«ምን ያስፈልግሻል?»

«ክፍልና ጊዜ። መሣሪያውን ለምኜም ቢሆን አመጣለሁ።»

ባዶ ክፍል አልነበረም። ስለዚህ ጠረጴዛውን አሸክሞ፣ ማኅተሙን በኪሱ ይዞ ከቢሮው ወጣና መጥረጊያና ኖራ ከሚቀመጥበት ግምጃ ቤት ገባ። ቢሮውን ለእርሷ ለቀቀላት፤ ከስፖርቱም አነሣት።

የወላጆች ኮሚቴ ተቆጣ። ሊቀ መንበሩ መጥቶ፣ «የእኛ ልጆች ሰባ ሆነው ተጣብቀው፣ ለሰባት ልጅ አንድ መምህርት ከነክፍሏ? ያ አድልዎ የሚጸየፍ ሰው የት ሄደ?» አለው።

ርዕሰ መምህሩ ድምፁን ከፍ አላደረገም። «የሰጠሁትን መጽሐፍ ልጅህ ምን አደረገበት?»

«ተማረበት እንጂ ሌላ ምን ያደርግበታል!»

«ለእነዚህም የምሰጣቸው ይህንኑ ነው። ከልጅህ ያስበለጥሁላቸው ነገር የለም።»

ሊቀ መንበሩ ማጉረምረሙን አልተወም፤ ክፍሉን ግን አላስዘጋም።

በሚቀጥለው ዓመት፣ ጥር ላይ፣ ርዕሰ መምህሩ በቀድሞ ቢሮው በር ሲያልፍ የልጅ ድምፅ ሰማ። ጥሩዓለም ጣትዋን በወረቀቱ ላይ እየነዳች፣ «ጅ... ጅብ» አለችና ቆመች። እንደ ገና ዳሰሰች። «ጅቡ... ወደ ወንዙ... ወረደ» አለች፤ ከዚያም በጅቡ ይሁን በራሷ፣ ከት ብላ ሳቀች። ሰውየው እንዳትሰማው እግሩን ሰብስቦ ደጁ ላይ ቆየ። ያ ዓመት ሳያልቅ ቤት ተዘግቶባቸው የነበሩ ልጆች በእናት በአባታቸው እየተመሩ መጡ፤ ሰባቱ ዐሥራ ዘጠኝ ሆኑ። የግምጃ ቤቱ ጣሪያ ክረምት ክረምት ያፈሳል፤ ርዕሰ መምህሩም ከጠረጴዛው ጎን ባልዲ ደቅኖ እዚያው ሥራውን ይሠራል።

ሽማግሌው ይህን ተናግሮ ወደ ገበሬው ዞረ።

«እንግዲህ አንተም እንደ ርዕሰ መምህሩ ነህ። እጅህ ንጹሕ ነው፤ ሰዓቱን ሳታዛንፍ ሰጥተሃል። የዚያች ሴት ማሳ ግን ከቦዩ በላይ ነው፤ ውሃ ደግሞ ሽቅብ አይወጣም። ተራዋ ሲደርስ ሂድና ማሳዋ ላይ ቁም። አፈሩ ከረጠበ ከሳሽህ ሐሰተኛ ናት። ካልረጠበ ግን ያካፈልኻት ሰዓት ነው እንጂ ውሃ አይደለም። ያን ጊዜ ሰዉን ዶማ አስይዘህ ከላይ፣ ከምንጩ አጠገብ፣ ሌላ ቦይ ቅደድላት። ‹ለአንዲት ማሳ ይህ ሁሉ ድካም!› የሚልህ አይጠፋም። የእሱ ማሳ ረጥቦ እንደ ሆነ ጠይቀውና ዶማውን አቀብለው።»