የብሳና ሜዳ ጭቃ ሹም

በአንድ ወቅት፣ ያውም እናንተም እኔም ባለንበት ወቅት፣ በደብረ ማርቆስ ከተማ አቶ ዘገየ አድማሱ የሚባሉ ጡረተኛ የቀበሌ ጸሐፊ ነበሩ። ሰውየው በሰባ ሁለት ዓመታቸው ጌም ይጫወቱ ነበር። አትሳቁ። ሰፈሩ ቀድሟችሁ ስቆ ጨርሷል።

ጌሙ ተኩስ የለበትም፣ ኳስም የለበትም። ጫካ ዳር ጥቂት ስደተኞች ይሰጡሃል። እንጨት ታስቆርጣለህ፣ ቤት ታሠራለህ፣ ታሳርሳለህ፣ ታሳጭዳለህ። የበረዶው ወራት ሳይደርስ እህልና ማገዶ ካልከመርክ ሰዎችህ አንድ በአንድ ያልቃሉ። ከከመርክ ደግሞ ከየጣራው ጢስ ሲወጣ እያየህ፣ ለስለስ ያለ ሙዚቃ እየሰማህ ትቀመጣለህ። ከዚህ ሌላ ማሸነፍ የሚባል ነገር የለውም። ኮምፒውተሩ ላይ የጫነላቸው የመጨረሻ ልጃቸው እንዳለ ነው፤ «አባባ ግድግዳ ሲያዩ ከሚውሉ ይሻላል» ብሎ።

አቶ ዘገየ ግን የያዙት ጨዋታ አልነበረም። የተወለዱባት ብሳና ሜዳ የምትባል መንደር ድሮ፣ ወንዙ ሲገደብ፣ ከውሃ በታች ቀርታለች። ያን ጊዜ እሳቸው ገና ወጣት ጸሐፊ ነበሩና የሚነሱትን ሰዎች መዝግብ ተብለው የታዘዙት እሳቸው ናቸው። አርባ አንድ አባወራ ጻፉ። አርባ አንዱም ሦስት ወረዳ ላይ ተበተነ፤ ዕቁቡም ማኅበሩም ፈረሰ። «ውሃው ገና ሳይደርስ እኔ በብዕሬ በተንኳቸው» ይሉ ነበር፣ ጠጅ ቢጤ ከቀመሱ። ካልቀመሱ አይናገሩትም፣ ግን አይረሱትም።

እንግዲህ በጌሙ ውስጥ መንደሩን ብሳና ሜዳ አሉት። ቤተ ክርስቲያኑን ከጉብታው ላይ፣ ወፍጮውን ከወንዙ መታጠፊያ፣ ልክ እንደነበረው አስቀመጡ። ለእያንዳንዱ ሰው ስም መስጠት ይቻላልና አርባ አንዱን አባወራ በየስሙ ጠሩት። ሚስቶቹና ልጆቹ ግን ጌሙ ያወጣላቸውን የፈረንጅ ስም እንደያዙ ቀሩ። የአቶ አላምረው ባለቤት ሂልዳ ነበረች። ምን ያድርጉ? የመዝገቡ ቅጽ የጠየቀው የአባወራ ስምና የቤተሰብ ብዛት ብቻ ነው። መንደሩም ቢሆን ሴቶቹን «የእገሌ እናት» እያለ እንጂ በስማቸው አይጠራም ነበር።

አንድ ሕግም አወጡላቸው፤ በዓል ይከበራል። ጌሙ ቀን ይቆጥራል። ልደታ፣ አቦ፣ ሥላሴ፣ ሚካኤል፣ ኪዳነ ምሕረት፣ ገብርኤል፣ ማርያም፣ ጊዮርጊስ፣ መድኃኔዓለም፣ በዓለ ወልድ፤ ቀኑ በደረሰ ቁጥር ሁሉንም ከሥራ ያስቀምጧቸዋል። ጌሙን የሠሩት ሰዎች ይህን አላሰቡትም። ከወሩ ሲሶው ዕረፍት ሆነና መንደሩ በየዓመቱ ከረሃብ አፋፍ የሚመለሰው በወንዙ ዓሣ ነበር። አቶ ዘገየ ግን «ከነበዓላቸው ነው የማውቃቸው» ይሉ ነበር።

ከመንደሩ ስም ሥር «አለቃ» የሚል አንድ መስመር አለ። አንድ ስም ብቻ ይይዛል። እዚያ ላይ «ጭቃ ሹም ዘገየ አድማሱ» ተብሎ ተጽፎ ነበር።

ከዚያ ዓይናቸው መድከም ጀመረ። ሐኪሙ ደጋግሞ አየና የሄደው ብርሃን እንደማይመለስ፣ የቀረውም እንደማይቆይ ነገራቸው። መስኮትና በር ከመለየት በቀር ምንም የማያዩበት፣ ሰው በድምፁ እንጂ በመልኩ የማያውቁበት ቀን መጣ። ያኔ ያስጨነቃቸው የራሳቸው ጨለማ አልነበረም። ማንም የማይከፍታት መንደር አትሞትም፤ ጢሱ አየር ላይ እንደቆመ፣ መጥረቢያው እንደተነሣ ትቀራለች። ሁለተኛ ጊዜ በትኛቸው ልሙት ነው ወይ፣ እያሉ ይብሰለሰሉ ነበር።

በዚህ ላይ በሐምሌ አንድ ከሰዓት በኋላ መብረቅ ወረደና ኮምፒውተሩን አጨሰው። ጎረቤት «እንኳን ሰው አልነካ» ሊል ሲሰበሰብ፣ አቶ ዘገየ የተቃጠለውን ሽታ እያሸተቱ በሰው ሁሉ ፊት ቃል አወጡ። «ብሳና ሜዳን ያዳናት ይውሰዳት። ጭቃ ሹምነቱም የሱ ነው።» ጎረቤት አንገቱን ነቀነቀ፤ ሦስቱ ልጆች ግን ሰሙ።

ታላቁ ይርጋ ነው፤ ቴሌቪዥንና ኮምፒውተር ጠጋኝ። አባቱን «የሽማግሌ ዕቃ ዕቃ ያዙ» እያለ ሲያሽሟጥጥ የኖረ፣ መንደሩን አንድ ቀን እንኳ ቆሞ አይቶት የማያውቅ ሰው ነበር። ያን ዕለት ግን የከሰለውን ሣጥን ታቅፎ ወደ ሱቁ ሄደ። ሱቁን ዘጋ። ከሦስት ሙት ኮምፒውተሮች አንድ ሕያው ለማውጣት አሥራ አንድ ቀን ፈጀበት፤ የሃርድ ዲስኩን እያንዳንዷን ስባሪ በትዕግሥት ለቃቀመ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሣጥኑን አምጥቶ አባቱ ፊት ሲያበራው ያ ለስለስ ያለ ሙዚቃ ተሰማ። አቶ ዘገየ ወደ ድምፁ እጃቸውን ዘርግተው አለቀሱ።

ሙሉ በሙሉ ግን አልዳነም። ስሞቹ የተጻፉበት ፋይል ተቃጥሏል፤ አቶ አላምረው ሳይቀሩ ኤድጋር የሚባል ፈረንጅ ሆኑ። የዳነው መንደር ደግሞ በረዶው ሊገባ አንድ ወር የቀረው፣ ጎተራው ግማሽ፣ ማገዶው ከግማሽ በታች የሆነ መንደር ነው። በዚያ ዓመት ወንዙ ቀድሞ በረዶ ስለሠራ ዓሣም አልነበረም።

መካከለኛዋ ብርነሽ ነች፤ የግብርና ባለሙያ። ገበሬውን «በዓል አብዝታችሁ አዝመራ አታስበሉ» ስትል አሥራ አምስት ዓመት አፏ የደረቀ ሴት ናት። ማውሱን ይዛ ጎተራውን ዞራ አየችና «አባባ፣ ይሄ ሕዝብ ያልቃል» አለች።

«እንደ ወትሮው ያዢልኝ። በዓላቸውን እንዳትነኪ» አሏት።

«እሺ» አለች። እሺ አለች እንጂ አላደረገችውም። በልደታም በሥላሴም አስቆረጠች፣ በሚካኤልም አሳጨደች። አባቷ ሲጠይቋት «ዛሬ አርፈዋል» ትላቸው ነበር። ሥራዋን ስትጨርስ እየመጣች፣ ከእያንዳንዱ ቤት ስንት ቁና እንደሚበላ፣ የትኛው ሽማግሌ ከየትኛው ምድጃ ቢጠጋ እንደሚሻል እያሰላች፣ በረዶውን ቀን በቀን ተሻገረች። ከመቶ አምሳ ስድስት ነፍስ አንድም አልሞተም።

እዚህ ላይ ልጆቹ ያላወቁትን አንድ ነገር ልንገራችሁ። የአቶ ዘገየ ዓይን ጠፋ እንጂ ጆሯቸው አልጠፋም። ጌሙ ውስጥ እንጨት ሲቆረጥ ቋ፣ ቋ ይላል። «ዛሬ ማርያም ናት፣ አርፈዋል» ባለቻቸው ቀን ቋ፣ ቋ ሲል ሰሙ።  ተነሥተው ሊቆጡ እጃቸውን ከወንበሩ ላይ አነሡ። ከዚያ በረዶው ላይ የሚነፍሰውን የነፋስ ድምፅ ሰሙና መልሰው ተቀመጡ። «ደግ አድርገዋል፣ ይረፉ» አሏት። ያን ቀን ራት አልበሉም።

ታናሹ እንዳለ ነው፤ የትራንስፖርት መናኸሪያ ስምሪት ሠራተኛ። እህቱ «ና እንጂ፣ በረዶው ላይ ብቻዬን ተውከኝ» ስትለው ዓመት ፈቃዱን ሞልቶ ጠፋ። የሄደው ወደ ሦስቱ ወረዳዎች ነው። የብሳና ሜዳ ሰው ያለበትን ገበያ፣ ደጀ ሰላም፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር እየዞረ «ሚስቱ ማን ትባል ነበር? ልጆቹስ?» ሲል ከረመ። መጀመሪያ ግብር አስከፋይ መስሏቸው ሸሹት፤ በኋላ ግን እያለቀሱ ነገሩት። በሃያ አንደኛው ቀን አንድ ደብተር ይዞ ተመለሰ። አርባ አንዱን አባቱ በቃላቸው ሲሉለት ጻፈ፤ ሌላ መቶ ስድስት ስም ከደብተሩ ጨመረ። ሂልዳ አንጓች ሆነች።

«ዘጠኝ ይቀርሃል» አሉ አባቱ፣ ጸሐፊ ናቸውና።

«ዘጠኙን የሚያስታውስ ሰው አላገኘሁም። ራሴ አወጣሁላቸው።»

አቶ ዘገየ ግን የማያውቁትን ሰው በፈጠሩት ስም መጥራት ጽድቅ ይሁን ሐሰት መለየት አቃታቸው።

እንግዲህ ነገሩ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። መስከረም ጠባና ሦስቱም «ጭቃ ሹምነቱ ለእኔ ይገባል» እያሉ አባታቸው ፊት ቆሙ። ይርጋም ጭምር። ሲያሽሟጥጥ የኖረው ይርጋ በአሥራ አንዱ ቀን ውስጥ ስባሪውን ሲለቅም ከአንዲት ጣራ ጢስ ሲወጣ አይቶ፣ ልቡ እዚያው ቀርቶ ነበር።

«አመድ ነበረች» አለ ይርጋ። «እኔ ባላወጣት ማን ምን ያኖር ነበር? ማንን ነበር ስም የሚያወጡለት?»

«ያወጣኸው ሊሞት አንድ ወር የቀረውን ሕዝብ ነው» አለች ብርነሽ። «እኔ ባልኖር ከአመድ አውጥተህ ለበረዶ ሰጥተኸው ነበር። አባባ፣ እውነቱን ልንገርዎት፤ በበዓል አሠርቻቸዋለሁ። ሰንበት ስለ ሰው እንጂ ሰው ስለ ሰንበት አልተፈጠረም።» አቶ ዘገየ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እናንተ ያዳናችሁት ኤድጋርንና ሂልዳን ነው» አለ እንዳለ። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል። ብሳና ሜዳ ጣራና ጎተራ ነበረች እንዴ? ሰዎቿን ያመጣሁ እኔ ነኝ።»

ብርነሽ ነገሩን ለማብረድ «ለሦስት እንገልብጠውና ሁላችንም እንያዝ» ብላ ነበር። አባትየው ግን ከወንበራቸው ተነሡ። «አንድ ጊዜ ለሦስት ወረዳ አካፍያቸዋለሁ። ሁለተኛ አላካፍላቸውም» አሉ። 

ቃል ደግሞ ወጥቷል፤ ያውም በጎረቤት ፊት። ከተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባላል። ይህን ተረት ያወጣውን ሰው ግን ሦስት ልጆች ፊቱ ቆመው አይጠብቁትም ነበር። አቶ ዘገየ አንዱን ቢሾሙ ሁለቱ ቅር ብሏቸው ከቤት እንደሚቀሩ አውቀዋል። ባይሾሙ መንደሯ እንደቆመች ትቀራለች። እንቅልፍ አጡ፤ ከሲታ ሰው ነበሩ፣ ይብስ ከሱ።

በዚህ መካከል አንዲት ባልቴት በልጅ ልጃቸው ተደግፈው ከሩቅ ወረዳ መጡ። እማማ አንጓች ናቸው፤ የአቶ አላምረው ባለቤት። እንዳለ «መንደርዎ አለች» ብሏቸው ስለነበር ሊያዩ ነው የመጡት። ስክሪኑ ፊት አስቀመጧቸው። ጉብታውን አዩ፣ ወፍጮውን አዩ። ከዚያ ውሃ ቀድታ ወደ ቤቷ የምትሄድ አንዲት ሴት አሳዩአቸው፤ ከራሷ በላይ «አንጓች» ይላል።

«እኔ ነኝ?»

«እርስዎ ነዎት» አለ እንዳለ።

ሴትየዋን እስከ ቤቷ በዓይናቸው ሸኟትና ወደ አቶ ዘገየ ዞሩ። «ዘገየ፣ ያኔ ስትጽፈን ቤቴ ገብተህ እርጎ ጠጥተሃል። ስሜን ግን አልጠየቅከኝም። ‹የቤተሰብ ብዛት ስድስት› ብለህ ነው ያለፍከኝ።»

«ይቅር ይበሉኝ እማማ» አሉ አቶ ዘገየ። ይህችን ቃል ለአንድ የብሳና ሜዳ ሰው ለማለት ዕድሜ ልካቸውን ጠብቀዋል።

«ይቅር ብያለሁ። እኔ የመጣሁ ልመርቅ ነው።»

አቶ ዘገየ ያኔ መውጫ ያገኙ መሰላቸው። ነገሩን ሁሉ ከመብረቁ እስከ ደብተሩ፣ የመጥረቢያውን ድምፅ እንኳ ሳያስቀሩ፣ ዘርዝረው ነገሯቸው። ብርነሽ አባቷ ያኔውኑ ሰምተው እንደነበር ስታውቅ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ከዚያ አቶ ዘገየ «የመንደሯ ሰው እርስዎ ነዎት። እኔ የበተንኩ ሰው ነኝ፤ ልፈርድ አይገባኝም። እርስዎ እጅዎን ከራሱ ላይ ጭነው የመረቁት ልጅ ጭቃ ሹም ይሁን» አሉ።

ሦስቱም ተንበርክከው ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። እማማ አንጓች ቀኝ እጃቸውን አነሡ። ወደ ይርጋ ወሰዱት፤ ከእሳት ያወጣቸው እሱ ነው። ሳያሳርፉ ወደ ብርነሽ መለሱት፤ በረዶውን ያሻገረቻቸው እሷ ናት፣ በማርያም ቀን እንጨት ብታሸክማቸውም። ወደ እንዳለ ወሰዱት፤ አንጓች ብሎ የጠራቸው እሱ ነው፣ ስማቸውን ከዘጠኝ ፈጠራ ጋር ቢቀላቅለውም። 

«ልጆቼ» አሉ፣ «ሰው ከሦስቱ አንዱ ቢጎድለው ሰው ነው ወይ?»

 እጃቸው አልወረደም፤ ክንዳቸው ግን እየዛለ ነው። ዓይነ ስውሩ ሽማግሌ የማን ስም እንደሚጠራ አንገታቸውን ቀና አድርገው እየጠበቁ ነው። አንድ ራስ ላይ ማረፉ አይቀርም።

እናንተስ ብትሆኑ፣ እጃችሁን ከማን ራስ ላይ ታሳርፉት ነበር?