የልቦለዱ መበለት የጠጣችው ውኃ

አንድ ደራሲ ነበር። አገሩ ቤንጋል፣ ዘመኑም እንግሊዞች ሕንድን የሚገዙበት ዘመን ነው። በቤቱ ሁለት መበለቶች አብረውት ይኖራሉ፤ በልጅነቷ ባሏ የሞተባት ታናሽ እህቱና አሮጊት አክስቱ። በአገሩ የመበለት ሥርዓት ሁለቱም ነጭ ይለብሳሉ፣ ጌጥ አያደርጉም፣ ዓሣ አይቀምሱም። በወር ሁለት ጊዜ፣ ከአዲስ ጨረቃም ከሙሉ ጨረቃም በኋላ በአሥራ አንደኛው ቀን፣ እህል ብቻ ሳይሆን ውኃም አይቀምሱም። ስለ ውኃው የማያውቅ በዚያ ቤት አንድ ሰው ብቻ ነበር። ማን ይመስላችኋል? ደራሲው!

ስሙን ኡማቻራን እንበለው። ግድ የለሽ ሰው እንዳይመስላችሁ። ስለ ጀልባ ሊጽፍ ሲያስብ ወንዝ ወርዶ የእያንዳንዱን ገመድ ስም ይጠይቃል። ስለ ሸማኔ ሊጽፍ ሲያስብ ሸማኔው አጠገብ ተቀምጦ እጁን ያያል። አንባቢዎቹ "ኡማቻራን ያላየውን አይጽፍም" ይሉ ነበር።

ታዲያ የገዛ ቤቱን እንዴት አላየም? በዚያ ቤት ወንዱ ቀድሞ ይበላል። ሴቶቹ በኋላ፣ በጓዳ ይበላሉ። እነሱ መጾማቸውን ያውቃል፤ ከዚያ አልፎ አልጠየቀም።

ይህ ሰው ስለ አንዲት ወጣት መበለት ልቦለድ ጻፈ። በየወሩ በመጽሔት ይታተማል። ከተማው አለቀሰ! ባሎች አለቀሱ፣ ዳኞች አለቀሱ፣ እሱም ሲጽፈው አለቀሰ።

በአንድ የበጋ ቀን አዲሱ እትም ደረሰ። እንደ ልማዱ በውስጠኛው ግቢ ተቀምጦ ለእህቱ፣ ለአክስቱና ለሌሎቹ የቤቱ ሴቶች ጮክ ብሎ ያነብላቸው ጀመር። እዚህ ላይ ደረሰ፦ መበለቲቱ በጾሟ ቀን ደክሟት ከጥላ ሥር አረፈች፤ ቀዝቃዛ ውኃ ጠጥታም ተነሣች።

"ቆይ፣ ቆይ!" አለች አክስቲቱ። "ምን ጠጣች አልክ?"

"ውኃ።"

"በአሥራ አንደኛው ቀን? የዚህች ልጅ አማት ዕውር ናት እንዴ?"

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። እህቱ ኒስታሪኒ ብቻ አልሳቀችም። ወደ እሷ ዞረ።

"ውኃም አይጠጣም?"

"አይጠጣም፣ ወንድም ጋሼ።"

"አንቺም?"

"እኔም።"

"መቼ ነው እሱ ቀን?"

"ዛሬ ነው" አለችው።

ያን ጊዜ አያት። ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። በዚያ ሙቀት ከጠዋት ጀምሮ ጠብታ አልቀመሰችም።

ደነገጠ። ግን ወገኖቼ፣ ሰው ሲደነግጥ አስቀድሞ የሚያድነው ምኑን ነው? ስሙን! "መሳቂያ ልሆን ነው" አለ። "በሚቀጥለው እትም አሳርመዋለሁ።"

"አታርመው" አለች ኒስታሪኒ።

"ስሕተት እኮ ነው!"

"ይሁን። እሷ እንኳ ትጠጣ።"

እሷ እንኳ ትጠጣ። ሰማችሁ?

ኡማቻራን መጽሔቱን አስቀምጦ ተነሣ። ለራሱ እንኳ ውኃ ቀድቶ የማያውቅ ሰው፣ እንስራው የት እንዳለ ጠይቆ ቀዳና አመጣ።

"ተው፣ ነውር ነው!" አለች አክስቲቱ። "እኔ አርባ ዓመት ችዬዋለሁ።"

"ኃጢአቱ በእኔ ላይ ይሁን፣ አክስቴ።"

"በአንተማ ላይ ነው! የጀልባ ገመድ ስትቆጥር ከረምክ!"

ኒስታሪኒ ውኃውን ይዛ አክስቷን አየቻት። ያለ እሷ ፈቃድ አትጠጣም። አሮጊቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

"እኔ ምንም አላየሁም" አለች። "ቀስ ብለሽ ጠጪ ልጄ። በባዶ ሆድ ሲሆን ይቆርጣል።"

እንደሚቆርጥ በምን አወቀች? እሱን ለእናንተ እተወዋለሁ።

ያ መስመር ሳይታረም ቀረ። በሌሎች ግቢዎችም ጮክ ተብሎ ተነበበ። እዚያም እህቶች ለወንድሞቻቸው "የኡማቻራን መበለት ጠጥታለች፤ እሱ ደግሞ ያላየውን አይጽፍም" አሏቸው። አንዳንዱ ወንድም ተነሥቶ ቀዳ። ሁሉም አልተነሣም፤ አንዳንዱ ግን ተነሣ።

ወገኖቼ፣ ጾምን ልነቅፍ አልቆምኩም። እኛም ጾምን እናውቃለን፤ ወደንና ፈቅደን እንጾማለን። ኒስታሪኒን ግን ፈቃዷን ማን ጠየቃት? እኔ የምጠይቀው ስለ ዓይናችን ነው። የሩቅ ሰው መከራ ሲነገረን እንባችን ቅርብ ነው። በቤታችሁ ከሁሉም በኋላ የሚበላው ማነው? ስትጠሯት "አቤት" የምትለው፣ ግን እንዴት አደርሽ ተብላ የማታውቀው ማናት? ስለ ኒስታሪኒ አታልቅሱልኝ። ዛሬ ቤት ስትገቡ ከመቀመጣችሁ በፊት አንድ ሰው ፊት ቁሙና "አንቺስ?" በሉ። መልሱንም ቆማችሁ ስሙ።

ኒስታሪኒ ምን ሆነች ትሉኝ ይሆናል። ከዚያ ቀን በኋላ ሠላሳ አንድ ዓመት ኖረች። የእህል ጾሟን አንድም ጊዜ አላጎደለችም፤ ውኃም አንድም ጊዜ አልተከለከለችም።