ክዳኑ በሊጥ የታሸገው ድስት

አላህ ከሰማነው የሚጠቅመንን ያስቀርልን። ይህን ታሪክ የነገሩኝ አዛውንት ቃል የማያበዙ ሰው ናቸው። ረዘም ያለ ነገር ካገኛችሁበት ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ስለ ምግብ ሳወራ ማቆም አልችልበትም።

በቆላው አፋፍ ላይ በተቀመጠች አንዲት የድሮ ከተማ ሐጂ ሙዘሚል የሚባሉ ሽማግሌ ይኖሩ ነበር። በጉልምስናቸው ሲራራ ነጋዴ ነበሩ፤ በግመል ጭነው ከቆላ ደጋ ሲመላለሱ ነው ዕድሜያቸውን የጨረሱት። በሲራራ መንገድ ደግሞ ሚስት የለም፣ እናት የለም፤ ወንዱ ራሱ ሽንኩርት ይከትፋል፣ ራሱ ያማስላል። ኋላ መኪና መጥቶ ግመሉን ሥራ ሲያስፈታው ሐጂና አራት የመንገድ ጓደኞቻቸው ከተማ ገብተው ተቀመጡ። ንግዱን ቢተዉም ማብሰሉን ሊተዉት አልቻሉም። ሚስቶቻቸው «ከማጀት ውጡልን» እያሉ ቢያሳድዷቸውም ተመልሰው ይገቡ ነበር።

እነዚህ አምስት ሰዎች ሐሙስ ሐሙስ አብረው እራት ይበሉ ነበር። ድግስ እንዳይመስላችሁ። ሽሮ የሠራ ሽሮውን፣ ጎመን የሠራ ጎመኑን፣ በቃ ለቤቱ ያበሰለውን ከነድስቱ ይዞ ይመጣል። ለእንግዳ ተብሎ የተሠራ ነገር ማምጣት ነውር ነበር። ከመግሪብ በፊት እያንዳንዱ ድስቱን በሐጂ ደጃፍ ባለው የድንጋይ መደብ ላይ ከድኖ ያስቀምጥና ወደ መስጊድ ይሄዳል። ሰግደው ሲመለሱ ቢስሚላህ ብለው ክዳኑን ይከፍታሉ፤ ድስቱ የማን እንደሆነ ግን ተቀምሶ እስኪያልቅ አይጠየቅም። ቀምሰው ይገምታሉ፣ ይከራከራሉ፣ አንዱ የሌላውን አብሽ ይተቻል። ሲለያዩ ከየድስቱ አንዳንድ ጭልፋ ተቀንሶ በየባለቤቱ ድስት ይጨመርና የአምስት ቤት እራት ወደ አምስት ቤት ይሄዳል። ሐጂ ያወጡት ደንብ ነው፤ ሞልቶ የመጣ ድስት ባዶውን አይመለስም። ከመካከላቸው ጨዋታ ወዳዱ ጋሽ እንድሪስ ይህን ደንብ በየጁሙዓው በመስጊዱ ግቢ ለሰማውም ላልሰማውም ያወራው ነበር።

አንድ ሐሙስ፣ በረጀብ ወር፣ ሐጂ ውዱእ አድርገው ወደ መስጊዱ በር ሲያመሩ ፀሐይ ገብታ ሰማዩ ገና ቀላ ብሎ ነበር። ከውሃ ገንዳው አጠገብ አንድ ረጅም፣ ጎበጥ ያለ ሰው እግሩን ታጥቦ ቀና አለ። የግራ ክንዱ ከክርን እስከ አንጓ የድሮ ቃጠሎ ጠባሳ አለበት። ሐጂ ያንን ክንድ ያውቁታል። ጠባሳው የወጣበትን ቀን፣ ድስቱ የተገለበጠበትን ቦታ ሳይቀር ያውቁታል።

«አሰላሙ ዐለይኩም፣ ሐጂ» አለ ሰውዬው።

ፈረጅ ነበር፤ የሲራራቸው አብሳይ፣ ለአምስቱም ማብሰል ያስተማራቸው ሰው። ፈረጅ ደግሞ ከሞተ ስምንት ዓመት ሆኖታል። መርዶውን ለጓደኞቻቸው የነገሩት ራሳቸው ሐጂ ናቸው፤ በሩቅ ለሞተ ሰው የሚሰገደውን ሶላተል ጋኢብ የሰገዱለትም እሳቸው ፊት ቆመው ነው። የሐጂ ፀጉር ቆመ። ከንፈራቸው «አዑዙ ቢላሂ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል ማውጣት አቃተው። ፊታቸውን አዙረው ወደ ሰጋጁ መሃል ገቡ። ሰግደው ሲወጡ በገንዳው አጠገብ ማንም አልነበረም። ከድንጋዩ ላይ የሁለት እርጥብ እግር ዱካ ብቻ ነበር፤ እያዩትም ደረቀ።

ለማንም አልተናገሩም። ዓይኔ ደክሟል ብለው ራሳቸውን አጽናኑ። የሚቀጥለው ሐሙስ ግን ከመስጊድ ሲመለሱ መደቡ ላይ ስድስት ድስት ተቀምጦ አገኙ።

ስድስተኛው ትንሽ፣ ጥቀርሻ የጠገበ የሸክላ ድስት ነበር። ክዳኑ ዙሪያውን በሊጥ ታሽጓል። «እህ፣ ዛሬ ማነው እንዲህ የተራቀቀብን?» አለ እንድሪስ፣ ሊጡን በቢላ እየፈለቀቀ። እንፋሎቱ ሲወጣ ሁሉም ተጠጉ። የማሽላ ቅንጬ ነው፤ ቋንጣ ገብቶበታል፣ በረመጥ የሞቀ ጥቁር አዝሙድ መጨረሻ ላይ ተነስንሶበታል። ጠርገው በሉት። ከዚያ «የማን ነው?» ተባለ። እያንዳንዱ የራሱን ድስት አሳየ። አምስት ሰው፣ አምስት ድስት። ስድስተኛውን የኔ ነው የሚል ጠፋ።

እንድሪስ ሳቀ፤ ሌሎቹም ትንሽ ሳቁ። እያንዳንዱ ሌላው ያሾፈበት መስሎት ነበር። ባለቤት የለውምና ማንም ጭልፋ አልጨመረበትም፤ ባዶውን መደቡ ላይ ትተውት ገቡ። ሐጂ ለንጋቱ ሶላት ለሱብሒ ሲወጡ ድስቱ የለም።

በሁለተኛው ሐሙስ ያው ድስት፣ ያው ሊጥ። አሁን ቋንጣ የለበትም፤ የአዝሙዱ ሽታ ግን አለ። ከአምስቱ ቂርኣት፣ የቁርኣን ትምህርት ያላቸው ሼህ ጀውሃር አንድ ጎርሰው ሁለተኛውን ሲያነሱ እጃቸው መሃል ላይ ቆመ።

«ይህ የፈረጅ እጅ ነው» አሉ።

እውነታቸውን ነበር። አሸዋ እንዳይገባበት ክዳን በሊጥ የሚያሽግ፣ አዝሙድን በረመጥ የሚያሞቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር የሚያውቁት። ሼህ ጀውሃር ከክፉ የሚጠብቀውን የቁርኣን አንቀጽ አያተል ኩርሲን ቀሩ። ምግቡን በደጁ ካለው ቁልቋል ሥር ቀበሩት፤ ድስቱንም አጥበው መደቡ ላይ አስቀመጡት፤ ባዶውን። ሐጂ ያን ሌሊት ጎናቸው አልረጋ አለ። የከበዳቸው ፍርሃቱ ብቻ አልነበረም። እሱን ኋላ ታገኙታላችሁ።

ሦስተኛው ሐሙስ ደረሰ። ከአምስቱ ድስት ይዞ የመጣ ሁሉ መጀመሪያ ወደ መደቡ ጥግ ነው ያየው፤ ባዶ ነበር። ሰግደው ሲመለሱ ግን ትንሿ ድስት ከነትኩሳቷ ተቀምጣለች። እንድሪስ ሊጡን አነሳው። ውስጡ የማሽላ ፍሬና ውሃ ነው። አዝሙድ የለም፣ ቅባት የለም፣ ውሃው ላይ ፍሬው ተቆጥሮ ያልቃል።

«እየቀጠነ ነው» አለ እንድሪስ በሹክሹክታ። ያ ሁሉ ጨዋታ ከአፉ ጠፍቷል። «መጀመሪያ ቋንጣው፣ ከዚያ አዝሙዱ። ከሰው ምግብ እየራቀ ነው። ልስበረውና ይለቀን።» ድንጋይ አንስቶ ነበር።

ሼህ ጀውሃርም «ሐሙሱ ይቅር፣ ሐጂ» አሉ። «አላህ አይበለውና ከዚህ ማዕድ ላይ የማናውቀው ነገር እጁን አስገብቷል። እንበተን።»

ሐጂ ሙዘሚል እጃቸውን ታጠቡ፣ ቢስሚላህ አሉና ከድስቷ አንድ ጉርሻ አነሱ። ሐጂ አላመጡ፣ ዋጡ፣ ሁለተኛ ጎረሱ።

«ጨው የለውም» አሉ።

ድስቷን ወደ ጓደኞቻቸው ገፋ አደረጓት።

«እስቲ አስቡት። ጂን ቋንጣ ያልቅበታል? ሙት አዝሙድ ያጣል? ጨው የሚያልቅበት ሰው ነው።» ወደ እንድሪስ ዞሩ። «ድንጋዩን አስቀምጠው፣ እንድሪስ። አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ከሰማችሁ በኋላ ሐጂ እያላችሁ ትጠሩኝ እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ።»

ነገሯቸውም። ሲራራው ሲፈርስ ፈረጅን ቆላ ትተውት ሲመጡ «ቤት ሠርቼ አስጠራሃለሁ» ብለውት ነበር። ቤቱን ሠሩ፤ አላስጠሩትም። ዛሬ ነገ ሲሉ አንድ መንገደኛ ፈረጅ ወባ ይዞት ሞተ አላቸው። የት ተቀበረ አላሉም፤ ማን አጠበው አላሉም። «የሞተ ሰው አይጠራምና ቀለለኝ» አሉ ሐጂ። «ወላሂ፣ ስሰማ ቀለለኝ። በፊታችሁ ያለቀስኩት ልቅሶ ከላይ ነበር። ከሦስት ሳምንት በፊት በውሃው ገንዳ አጠገብ ሰላም አለኝ፤ ሙት ነው ብዬ ሰላምታውን ሳልመልስ ሸሸሁ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ በራሴ ደንብ ድስቱን ሞልቶ ላከልኝ፤ ባዶውን መለስኩለት። አንዴ ሳይሆን ሁለቴ።»

እንድሪስ ድንጋዩን ከእጁ ጣለ። መጀመሪያ ተነስቶ ጭልፋ የያዘው እሱ ነው። ከአምስቱም ድስት ምስሩን፣ ጎመኑን፣ ሩዙን እየጨለፉ ትንሿን ድስት እስከ አፏ ሞሏት። ሐጂ አንስተው በሁለት እጃቸው ያዟት፤ «እኔው ልሸከማት» አሉ፣ ማንንም አላስነኩ።

ከመስጊዱ ጀርባ የጥንቱ የሲራራ ማደሪያ ነበር፤ ጣሪያው የወደቀ፣ ግድግዳው የቆመ ሰፊ ግቢ። የከተማው ሰው ጂን ሰፍሮበታል ብሎ ከዐስር ሶላት በኋላ በዚያ አያልፍም። ሰሞኑን ከዚያ ግቢ ቀጭን ጭስ ሲወጣ ብዙ ሰው አይቷል፤ ያየ ሁሉ መንገዱን ቀይሯል። ሐጂ ግን አሁን የማን ምድጃ ጭስ እንደሆነ ገባቸው። ድንግዝግዙ ሊጨልም ሲል አምስቱ ሽማግሌዎች በፈረሰው በር ገቡ። የግመል ማሰሪያ ድንጋዮቹ በተራ ቆመዋል። ከግድግዳው ሥር የሆነ ነገር ኮሽ አለ። ሼህ ጀውሃር ቁርኣን መቅራት ጀመሩ፤ ድምፃቸው ከባዶው ግቢ ሲመለስ ሌላ ሰው አብሮ የሚቀራ ይመስል ነበር። ሐጂ ድስቷን ወደ ደረታቸው አስጠግተው መራመዱን አላቆሙም።

በጥጉ፣ ሦስት ድንጋይ በተጎለተበት የጠፋ ምድጃ ፊት፣ ረጅሙ ሰውዬ ተቀምጦ ነበር። አልተንቀሳቀሰም። ዓይኑ ግን በሐጂ እጅ ካለችው ድስት ላይ ነበር።

ሐጂ ከፊቱ ቆሙ። «ወዐለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ» አሉት። ለዚያች ቀን ሰላምታ ነበር መልሱ፤ ሦስት ሳምንት ዘግይቶ የመጣ።

ሰውዬው ቀና ብሎ አያቸው። ከንፈሩ ደርቋል፤ ድምፁ ግን ያው የመንገዱ ድምፅ ነው።

«ጨው አንሶት ነው አይደል፣ ሐጂ?» አለ። «አውቄዋለሁ። የመጀመሪያውን ድስት ባዶ ስትመልሱብኝ ቋንጣው ሳይለሰልስ አውጥቼው ይሆናል አልኩ። ሁለተኛው ሲመለስ አዝሙዱን አሳርሬዋለሁ አልኩ። ዛሬ ደግሞ ጨው አልነበረኝም። እጄ አርጅቷል፤ አይፍረዱብኝ።»

ሐጂ ድስቷን መሬት አስቀመጡ። ራሳቸውም ከምድጃው ፊት አመዱ ላይ ተቀመጡና ያንን የተቃጠለ ክንድ ይዘው አለቀሱ። ይሄኛው ልቅሶ ከላይ አልነበረም።

ኋላ እንደተሰማው ፈረጅ ወባውን አልፎ ከርሞ፣ ጉልበቱ ሲደክም ሐጂን ፍለጋ በእግሩ መጥቶ ነበር። ሰላምታው ሳይመለስለት ሲቀር «ጌቶቼ አላወቁኝም» ብሎ ዝም አለ። ልመና አላሳደገውም። በመስጊዱ ግቢ እንድሪስ ስለ ሐሙሱ ሲያወራ ሰማና፣ በእጁ የያዛትን ማሽላ ከፋፍሎ፣ ያለችውን ቋንጣ ሁሉ በመጀመሪያው ድስት ጨመራት። ድስቱ ከየቤቱ ጭልፋ ተሞልቶ ቢመለስለት ከሳምንት ሳምንት ይደርስ ነበር። ባዶው ሲመለስ የቀረችውን ይዞ ጾመኛ ሆኖ ከረመ። በሦስተኛው ሐሙስ የላከው የመጨረሻውን ነው።

ከዚያ ወዲያ መደቡ ላይ ስድስት ድስት ሆነ፤ ከሐጂ ቤት ጎን አንድ ክፍል ተሠራ፤ ፈረጅም አባ ፈረጅ ተብሎ ከማዕዱ ራስ ተቀመጠ። የእንድሪስን ወጥ ሲቀምስ ፊቱን እንደሚያጨማድድ ሁሉም ይጠብቁ ነበር፤ አንድም ሐሙስ አላሳፈራቸውም።

ዓመታት አልፈው ሰዎች ሐጂን «በዚያ ምሽት ጂን ያለበት ግቢ ሲገቡ አልፈሩም?» ብለው ይጠይቋቸው ነበር። ሐጂም «ሙት እራት አይልክም። የሚልከው ሳንጠይቀው የቀረን ሰው ነው» ይሉ ነበር፤ ከዚህ በላይ አይጨምሩም።

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ እኔ ይህን ታሪክ ሳስብ የሚያስፈራኝ የፈረሰው ግቢ አይደለም። የሚያስፈራኝ አምስት ደግ ሰዎች፣ ሰጋጆች፣ ምግብ አካፋዮች፣ አንድን ሕያው ሰው በመርዶ ብቻ ቀብረው ስምንት ዓመት በሰላም መተኛታቸው ነው። ዲናችን ማብላትንና ሰላምታን አንድ ላይ ያስተማረን ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሐጂ ሁለቱንም በአንድ ሰው ላይ አጓድለው ሁለቱንም በአንድ ምሽት መለሱ። ጊዜ ባይደርስላቸውስ ኖሮ? ስንቶቻችን አልደረሰልንም።

አዛውንቱ እንደነገሩኝ ሐጂ እስኪሞቱ ድረስ አንድ ልማድ ነበራቸው። በጨለማ፣ በፍርስራሽ አጠገብ፣ ሰው በሌለበት መንገድ እንኳ «አሰላሙ ዐለይኩም» የሚል ድምፅ የሰሙ ከመሰላቸው ቆመው ሙሉውን ይመልሱ ነበር። አብሯቸው የሚሄድ ሰው ማንም የለም ቢላቸው «ጂን ከሆነም ሰላምታ አይጎዳውም» ይሉና መንገዳቸውን ይቀጥላሉ።