ጉም ውስጥ የተጠሩት

ተረት አለኝ ልጆች። ጆሯችሁን ታመጣላችሁ? «አመጣን» በሉ። እንግዲያ ስሙኝ።

ድሮ፣ በጣም ድሮ፣ ከገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠች መንደር ነበረች። ክረምት ሲገባ ጉም ይወርድባታል። ጉሙ ሲወርድ ሰው የገዛ እጁን አያይም። ስለዚህ ልማድ ነበራቸው። ጭቃ ሹሙ፣ አባ ቢተው፣ ጉብታው ላይ ይቆሙና የአባወራውን ስም አንድ በአንድ ይጠራሉ። የተጠራው «አለሁ!» ይላል። «አለሁ» ያላለ ገደል ገብቶ ይሆናልና ይፈለጋል።

ወጣቶቹ ግን አይጠሩም። አባ ቢተው መጨረሻ ላይ «ልጁም ከብቱም ገባ?» ይላሉ። «ገባ!» ይባላል። በቃ።

አንድ ቀን ሙጨ የሚባል ጎረምሳ በሸንጎ ተነሣ።

«አባቶቼ፣ የገደሉ አጥር ፈርሷል። እኛ ወጣቶቹ እንጠግነው።»

«ተቀመጥ አንተ!» አሉ አባ ቢተው። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሙጨ ተቀመጠ። አያ ጅቦ ከቋጥኝ ሥር ሆኖ ይህን ሁሉ ይሰማ ነበር።

በማግስቱ ጉም ወረደ። ከጉሙ ውስጥ ለስላሳ ድምፅ መጣ።

«ሙጨ! አንተ ጀግና! ካንተ በቀር አጥር የሚያውቅ ማን አለ? ና አሳየን!»

ሙጨ ደነገጠ። እንዲህ አድርጎ ስሙን የጠራው ኖሮ አያውቅም። ሄደ። ጉሙ ሲገለጥ ዱላው ብቻ ተገኘ።

መንደሩ ሊፈልገው ወጣ። አባ ቢተው ሊጣሩ አፋቸውን ከፈቱ። ከፍተው ቀሩ።

«የ... የእንዳለ ልጅ... ማን ነበር ስሙ?»

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ትናንት እፊታቸው ቆሞ የተናገረው ልጅ! የሚያውቅ ጠፋ። እናቱ ናት ደረቷን እየደቃች ስሙን የነገረቻቸው።

ስንቅነሽ የምትባል ልጃገረድ «ሙጨን የጠራው ሰው አይደለም፤ ጅብ ነው። ድምፁን ሰምቻለሁ» አለች።

«አንቺ ደግሞ! ሂጂ ውሃሽን ቅጂ!» አሏት።

ጉም ወረደ። «ስንቅነሽ! አንቺ አስተዋይ! የሰማሽው አንቺ ብቻ ነሽ። ነይ ንገሪን!»

ሄደች። የማን ድምፅ እንደሆነ እያወቀች ሄደች! ልጆች፣ እዚህ ላይ ስደርስ ሰውነቴ ይቀዘቅዛል። ነጠላዋ ብቻ ተገኘ።

ዘርፌ የምትባል ልጅ ደግሞ ነበረች። ዓይናቸው የጠፋ አያት አሏት። ጠዋት ጠዋት «ዘርፍዬ፣ ሰማዩ ምን ይላል? እህሉ ፀሐይ ላይ ይውጣ?» ይሏታል። «ይውጣ» ካለች ይሰጣል፤ «ይቅር» ካለች ይቀራል። አንድ ጊዜ ተሳስታ ዝናብ እህሉን መታው። አለቀሰች። በነጋታው አያቷ ምን አሉ? «ዘርፍዬ፣ ዛሬስ ምን ይላል?»

ጉም ወረደ። «ዘርፌ! አንቺ ብልህ! ነይ!»

ዘርፌ አጥሩ ከፈረሰበት ቦታ ቆማ ነበር። ጅቡ ከወዲያ፣ እሷ ከወዲህ፣ ገደሉ መሀል።

«አለሁ አያ ጅቦ! አጠራርህ ግን አላማረኝም። ጠጋ በልና ጥራኝ።»

«ዘርፌ!»

«ትንሽ ጠጋ።»

«ዘርፍዬ!»

«ገና ነህ።»

«ዘርፍዬዬ...»

ሆዱ እንጂ እግሩ አላሰበም። ድንጋይ ተንከባለለ። አያ ጅቦ ገደሉ ውስጥ ተንኮታኮተ።

ጉሙ ሲገለጥ መንደሩ ሮጦ መጣ። ሬሳውን አይተው አፋቸውን ያዙ።

«አንቺ ልጅ፣ አንቺስ እንዴት ሳትሄጂ ቀረሽ?» አሉ አባ ቢተው።

«እኔ በቤቴ እጠራለሁ፣ አባባ። ሙጨና ስንቅነሽ ግን ርቧቸው ነበር።»

«ምን ራባቸው? ጎተራው ሞልቶ!»

«ስማቸውን የሚጠራ።»

አባ ቢተው ወደ ወጣቶቹ ዞረው «ያንተስ ስም ማን ነው?» እያሉ አንድ በአንድ ጠየቁ።

ከዚያ ወዲያ አጥሩን ወጣቶቹ ሠሩት፤ ሽማግሌዎቹ ድንጋይ አቀበሏቸው። ጉም ሲወርድም ጥሪው ከትንሹ ልጅ መጀመር ያዘ። አንድ ቀን ከገደሉ ሥር ሌላ ጅብ በለስላሳ ድምፅ «ጥላዬ! አንተ አንበሳ!» አለ። ጥላዬ ገና ጥርሱን የሚነቅል ሕፃን ነው።

«ዘገየህ!» ብሎ ጮኸ። «ቀድሜ ተጠርቻለሁ!»

ቤቱ ያልጠራውን ልጅ፣ ጫካው ይጠራዋል።

ተረቴ እዚህ አበቃ። የእኔ አፍ ይረፍ፣ የእናንተ ጆሮ ይባረክ።